ዘግይቶ የሚገኘው የሳንባ ካንሰር፦ ደሴ ላይ ቀኖቹ የት ይሄዳሉ?

በአማርኛ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ሁለት ሰው ሁለት በሽታ ሊሰማ ይችላል። በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ቃሉ ቲቢ ነው፤ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ መድኃኒቱን በሥርዓት ለወሰደ ግን የሚድን። «የጡት ነቀርሳ» ወይም «የጉሮሮ ነቀርሳ» ሲባል ደግሞ ካንሰር ነው። የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገረ፤ ነገር ግን ምርመራ ክፍል ውስጥም ሁለቱ በሽታዎች እንዲሁ ይምታታሉ።

የሳንባ ካንሰር በአንዱ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚገኝ የሚያሳዩ የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘገባዎች በአማርኛ ሲዘዋወሩ የሚከተለው ጥያቄ ያው ነው፦ «እኛ ጋስ?» ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መልሱ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ «የፋብሪካው ጭስ ጨረሰን» ይላል። ሌላው «እዚህ ሲጋራ የሚያጨሰው ስንቱ ነው? ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም የሚከራከሩት በሽታው ስንት ሰው ላይ ወጣ በሚለው ነው። «ዘግይቶ ተገኘ» የሚለው አኃዝ ግን ይበልጡን የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ሳል አንስቶ ናሙና ተወስዶ የበሽታው ስም እስኪታወቅ ያለፈውን ጊዜ።

ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች የሳንባ ካንሰርን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይከፍሉታል። ደረጃ 1 ላይ እብጠቱ ትንሽ ነው፤ ከሳንባ አልወጣም። ደረጃ 2 እና 3 ላይ በአቅራቢያው ወዳሉ ዕጢዎች ወይም ወደ ደረት መሐል ደርሷል። ደረጃ 4 ማለት በደም ወይም በሊምፍ ተጉዞ አንጎል፣ አጥንት፣ ጉበት ወይም ከኩላሊት በላይ ያለውን ዕጢ ይዟል፤ አለዚያም በሳንባ ሽፋን ላይ ተሰራጭቶ በካንሰር ሕዋስ የተበከለ ፈሳሽ አቁሯል ማለት ነው። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። በአሜሪካ መዝገቦች ካንሰሩ ከሳንባ ሳይወጣ ከተገኘባቸው 10 ሰዎች 6 ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሩቅ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘባቸው ግን ከ10 አንድ ሰው እንኳ አይሞላም።

ሳንባ አታላይ አካል ነው። ውስጡ ሕመም አይሰማውም፤ የሚያመው ሽፋኑና የጎድን አጥንቱ ነው። ስለዚህ እንቁላል የሚያህል እብጠት ተሸክሞ እርሻ የሚውል፣ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሊኖር ይችላል። ሕመም ሲጀምረው፣ ድምፁ ሲሻክር ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ሲተፋ በሽታው ብዙ ጊዜ መንገዱን ጨርሷል። የትኛውም አገር ቢሆን የልየታ ፕሮግራም፣ ማለትም ምልክት ያላየ ሰውን አስቀድሞ የሚመረምርበት አሠራር፣ ከሌለው አብዛኛውን የሳንባ ካንሰር የሚያገኘው ዘግይቶ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት በሳንባ ካንሰር 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከየትኛውም ካንሰር ይበልጣል።

ድርሻና ምጣኔ

ውይይቱን የሚያበላሸው ዋናው ነገር ሁለት አኃዞች እንደ አንድ መነበባቸው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ እያንዳንዳቸው 100 ሺህ ሰው ያለባቸው ሁለት ወረዳዎች አሉ እንበል። በመጀመሪያው በዓመት 40 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ተገኙ፤ ከእነሱ 20ዎቹ ዘግይተው ነው። በሁለተኛው 10 ተገኙ፤ 8ቱ ዘግይተው ነው። ዘግይተው የተገኙት ድርሻ በመጀመሪያው 50፣ በሁለተኛው 80 በመቶ ነው። ከሕዝቡ አንጻር ያለው ምጣኔ ግን በመጀመሪያው ከ100 ሺህ 20፣ በሁለተኛው 8 ይሆናል። «የቱ ወረዳ ይብሳል?» ቢባል ሁለቱም መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ድርሻው የሕክምናውን ፍጥነት ያሳያል፤ ምጣኔው የበሽታውን ብዛትና የሕክምናውን ፍጥነት አንድ ላይ ቀላቅሎ ያሳያል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በሁለተኛው ወረዳ 10 ሰው ብቻ የተገኘው በሽታው ስለሌለ ነው ወይስ የሚያገኘው ስለጠፋ? አኃዙ ብቻውን ይህን አይናገርም። በተቃራኒው ደግሞ አንድ አካባቢ ሰፊ ምርመራ ሲጀምር ትንንሽ እብጠቶች በብዛት ይገኛሉ፤ የዘገዩት ድርሻም በወረቀት ላይ ይወርዳል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ሰው ቁጥር ግን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። አንድ ፕሮግራም ሠራ ለማለት ዘግይተው የሚገኙት ሰዎች ቁጥር ራሱ መቀነስ አለበት።

ከኬንታኪ እስከ ማንቸስተር

ከአሜሪካ ግዛቶች የሳንባ ካንሰር በብዛት የሚታየው በኬንታኪ ነው፤ ዝቅተኛው ዩታ ነው። ኬንታኪ ትምባሆ የሚመረትበት፣ በምሥራቅ በኩል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያለበት፣ ሲጋራ የማጨስ ልማዱ የቆየ ግዛት ነው። ዩታ ላይ ብዙ ሰው ማጨስን የሚከለክል እምነት ይከተላል። እስከዚህ ድረስ «ሲጋራ ባለበት ካንሰር አለ» የሚለው ቀላል ማብራሪያ ይበቃል። ዘግይቶ ወደ መገኘቱ ስንመጣ ግን ካርታው ይለወጣል። በሽታው ከኬንታኪ በእጅጉ ያነሰባት ሃዋይ ቀድሞ በማግኘት በተደጋጋሚ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ትሰለፋለች፤ ማሳቹሴትስ ደግሞ ከፊተኞቹ ናት። ኬንታኪ ራሷ በሲቲ ስካን፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በንብርብር በሚያሳየው የራጅ ምርመራ፣ የሚደረገውን ልየታ ከብዙዎቹ ግዛቶች ቀድማ አስፋፍታለች። በሽታ የበዛበት ቦታና በሽታ ዘግይቶ የሚታወቅበት ቦታ የግድ አንድ አይደሉም።

 ለሳንባ ካንሰር ልየታ የሚደረገው በዝቅተኛ ጨረር በሚነሳ ሲቲ ስካን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የወጣውና ከ53 ሺህ በላይ አጫሾችንና ያቆሙ ሰዎችን የያዘው የአሜሪካ ጥናት በደረት ኤክስሬይ ከተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር የሳንባ ካንሰርን ሞት በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የእንግሊዟ ማንቸስተር ከዚያ አንድ እርምጃ ሄደች። ድሃ በሆኑ ሰፈሮች ያለው አጫሽ ወደ ሆስፒታል እንደማይመጣ ስለታወቀ ማሽኑ በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ሄደ። ሰው አስቤዛውን ሊገዛ መጥቶ ሳንባውን ተነሥቶ ተመለሰ። በዚህ መልክ ከተገኙት ካንሰሮች አብዛኞቹ ደረጃ 1 ወይም 2 ላይ ነበሩ፤ ቀሪው የእንግሊዝ ክፍልም ይህንኑ ፈለግ ተከተለ። የድሃ ሰፈር ሳንባ ከሀብታም ሰፈር ሳንባ በተፈጥሮው አይለይም። የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ከሳል እስከ ናሙና

ወደ ደቡብ ወሎ ስንመለስ የአንድ ሕመምተኛን የተለመደ መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል ይጠቅማል፤ ቀኖቹ የሚሄዱት እዚህ ላይ ነውና።

ከአማራ ሳይንት ወይም ከወግዲ የመጣ አንድ አባወራ ሳል ከጀመረው ቆይቷል። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ዝንጅብልና ፌጦ ተሞከረ። ከዚያ እንደየእምነቱ ፀበል ወይም ዱዓ። ይህን እንደ ኋላቀርነት ቆጥሮ ማለፍ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም፤ አብዛኛው ሳል በራሱ የሚድን ስለሆነ መጠበቁ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣ ውሳኔ ነው። ችግሩ ይህኛው ሳል ያልዳነ መሆኑ ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው በቲቢ ይጠረጠራል። መመሪያው ትክክል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ከ100 በላይ የሚሆነው በቲቢ ይታመማል፤ የሳንባ ካንሰር ግምት ግን ከ100 ሺህ ከ10 በታች ነው። ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ሰው ሲያስል፣ ሲከሳና ሌሊት ሲያልበው ቲቢን ማስቀደም ስህተት ሳይሆን ስሌት ነው። ወሎ ላይ ለዚህ የቆየ ልምድ አለ፤ ለቲቢ የሚሆን መዋቅርና የሰለጠነ ሰው ከከተማ እስከ ገጠር ተዘርግቷል። ለሳንባ ካንሰር እንዲህ ያለ መዋቅር የለም። ስለዚህ ሳል ያለበት ሰው ሁሉ ተዘርግቶ ወደሚጠብቀው መንገድ ይገባል።

አክታው ተመርምሮ ቲቢ ካልታየበትስ? ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን የቲቢን ባክቴሪያ ዘር በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል። ማሽኑ ከመስፋፋቱ በፊት አክታው ንጹሕ ሆኖ ኤክስሬዩ ጥላ ያሳየ ሰው በግምት የቲቢ መድኃኒት ይጀመርለት ነበር፤ አሁንም ማሽኑ በሌለበት ወይም ካርትሪጁ (ናሙናው የሚገባበት የማሽኑ ዕቃ) ባለቀበት ቦታ ይህ ይቀጥላል። የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ሊሻለው ይችላል፤ ከካንሰሩ ጋር የነበረው ኢንፌክሽን አብሮ ከተሰጠው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተነሳ ስለሚቀንስ። ይህች መሻል ሁሉንም ታዘናጋለች። በሁለተኛው ወር ክብደቱ አልመለስ ሲል «መድኃኒቱን በደንብ አልወሰድክም» ይባላል። በአራተኛው ወር መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊጠረጠር ይችላል። በዚህ መሐል ደረጃ 2 የነበረው ደረጃ 4 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ደሴ ላይ ነው። ሕመምተኛው ኤክስሬዩን በቡናማ ፖስታ ይዞ፣ ፖስታውም በእጅ ብዛት ጠርዙ ተቆርጦ፣ ልጁ አብሮት ይመጣል። ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ከሆነ በመርፌ ይቀዳል፤ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ካንሰር ለመሆኑ የመጨረሻው ቃል ግን የምስል ሳይሆን የናሙና ነው። ናሙና ለማውጣት በቆዳ በኩል ረዥም መርፌ ወይም ብሮንኮስኮፒ ያስፈልጋል፤ ይህ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ሲሆን በአፍንጫ ወይም በአፍ ወደ ሳንባ ይገባል። ናሙናውን የሚያነበው ፓቶሎጂስት ነው፤ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ አይቶ የበሽታውን ዓይነት የሚለይ ሐኪም። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሲጎድል፣ ማሽን ሲበላሽ ወይም ባለሙያ ሲዛወር ወረፋው በሳምንታት ይረዝማል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያ መዘረፉና መውደሙም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ሕፃናትንም ወላዶችንም የጎዳው ያ ውድመት ለካንሰር ሕመምተኛ በወራት የሚቆጠር መዘግየት ነበር።

ከዚያ ሪፈር ይጻፋል። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ። ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ነበር፤ እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በመንግሥት ተቋም ያለውን ሕክምና ቢረዳም የአልጋ ኪራዩን፣ የአስታማሚውን ምግብ፣ የመመላለሻውን ዋጋ አይከፍልም። በሬ ሸጦ የሄደ ሰው ወረፋው ሳይደርሰው ገንዘቡ ያልቃል። ብዙዎች ከዚህ ይመለሳሉ።

ጭሱስ?

ኮምቦልቻ በተራራ መሐል የተኛች የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ ከደርግ ዘመን ጀምሮ አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወጡ ተሳቢዎች በከተማዋ ያልፋሉ፤ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት የሚወጣ የተጫነ መኪና በአንደኛ ማርሽ እያጓራ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ከኋላው ሆኖ ያልዋጠ የለም። የነዋሪው ጥርጣሬ መሠረት አለው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የውጭ አየር ብክለትን በ2013 በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መደብ አስገብቷቸዋል።

ነገር ግን የጊዜውን ስሌት መርሳት አይገባም። ካንሰር አምጪ ነገር ሳንባ ውስጥ ከገባበት ቀን እስከ በሽታው 20 እና 30 ዓመት ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተ ፓርክ ዛሬ ለሚታየው የሳንባ ካንሰር ዋና ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት ለ2035 ዓ.ም. ይጠየቅበት ይሆናል። የጨርቃ ጨርቅ ብናኝም ሠራተኛውን በይበልጥ የሚጎዳው ቢሲኖሲስ በሚባል፣ ደረትን በሚያፍን ሌላ የሳንባ ሕመም ነው።

ለወሎ ቤት የቀረበው ጭስ የማዕድ ቤቱ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ከተመናመነ ቆይቷል፤ እንጀራው የሚጋገረው በአብዛኛው በኩበት ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደሴ ደግሞ ማታ ማታ ከሰሉ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። እዚህ ላይ የቻይናዋ ሹዋንዌይ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በዚያ የሚኖሩ ሴቶች አያጨሱም፤ የሳንባ ካንሰር ግን ከአገሪቱ ከፍተኛ ከሆኑት ተርታ ነበር። ምክንያቱ ጭሳም የድንጋይ ከሰል ጭስ ማውጫ በሌለው ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ መንደዱ ነበር። ምድጃው ጭስ ማውጫ ሲበጀለት በሽታው ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ መጣ፤ ይህም በጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ተዘግቧል።

ይህን እንዳለ ወደ ወሎ መገልበጥ ግን አይቻልም። የድንጋይ ከሰል የቤት ውስጥ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል፤ የእንጨትና መሰል ማገዶ ጭስ ግን «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው በአንድ ደረጃ ዝቅ ባለ መደብ ነው የተቀመጠው። «ሲጋራ ስለማናጨስ አይነካንም» ለሚለው ወገን ግን ሹዋንዌይ በቂ መልስ ናት።

ሲጋራውም ቢሆን ከቁጥር አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 8.1 በመቶ ትምባሆ ተጠቃሚ ነበሩ። ከብዙ አገር አንጻር ዝቅተኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ማስታወቂያንም አግዷል። ጫት ቤት ውስጥ ግን ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራው እንደሚከተል፣ በሩም እንደሚዘጋ የደሴም የኮምቦልቻም ሰው ያውቀዋል። በዚያ ክፍል የማያጨሰውም ያጨሳል።

ማሽኑ ይምጣ?

ማንቸስተርን ያዩ ሰዎች «እኛም ጋ ይምጣልን» ማለታቸው አይገርምም። ለዚህ ሐሳብ የሚቆመው ክርክር ቀላል ነው፦ ምልክት እስኪታይ ከተጠበቀ አብዛኛው ሰው ያመልጣል። እውነት ነው።

በሌላ በኩል በዚያ የአሜሪካ ጥናት ከተነሡት ምስሎች ሩብ ያህሉ አጠራጣሪ ነገር ታይቶባቸዋል፤ ከእነዚያ 100 አጠራጣሪዎች 96ቱ ካንሰር አልነበሩም። ይህ ቲቢ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው የዳነ የቲቢ ጠባሳ በሳንባው ተሸክሞ በሚኖርበት ቦታ የሐሰት ማስጠንቀቂያው ይበዛል፤ እያንዳንዱም መርፌ፣ ወጪና የሌሊት ጭንቀት ነው። ደግሞም ልየታ የሚያዋጣው ብዙ አጫሽ ባለበት ነው። የተገኘውን ትንሽ እብጠት ቆርጦ የሚያወጣ የደረት ቀዶ ሐኪም በአቅራቢያ ከሌለ ቀድሞ ማወቁ ዕድሜን ሳይሆን ሥጋትን ያረዝማል።

በእኔ ግምት ለደቡብ ወሎ ተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ የሚሠራው በቲቢ መንገዱ ላይ ነው። ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ፣ ጂን ኤክስፐርቱ ነጻ ያለው ሰው በግምት የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮለት ከሆነ በሁለተኛው ወር ላይ ክብደቱና ኤክስሬዩ እንዲታይ፣ ካልተሻለውም ስድስቱ ወር ሳያልቅ ወደ ሲቲ ስካንና ናሙና እንዲላክ ማድረግ አዲስ ማሽን አይጠይቅም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚመለስ የሳንባ ምችም እንዲሁ ነው። ይህ ሁሉንም ደረጃ 1 ላይ አያስገኝም። ደረጃ 4 ይሆን የነበረውን ደረጃ 3 ላይ ግን ሊያስገኝ ይችላል፤ ደረጃ 3 ላይ ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው ገና የመዳን ዕድል አለ።

ያልተጻፈው ሞት

አካባቢን ከአካባቢ ለማወዳደር መዝገብ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋን ነዋሪ የካንሰር ሕሙማን ይመዘግባል። በሆስፒታል ቆጠራ ላይ ብቻ የሚቆም አኃዝ ግን ስለ አካባቢው ብዙ አይነግርም፤ ደሴ የሚታከመው ከሰሜን ወሎ፣ ከከሚሴና ከአፋርም ስለሚመጣ፣ ለወረፋ ብሎም የዘመዱን የደሴ አድራሻ የሚያስመዘግብ ስላለ። ከመንገድ የተመለሰው ደግሞ የትም አይቆጠርም። ቤተሰቡ «በሳንባ ሞተ» ይላል፤ የትኛው የሳንባ በሽታ እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

አንድ መዝገብ ግን በየጤና ጣቢያው አለ፤ የቲቢው። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል የሕክምናው መጨረሻ ዳነ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ሕክምናው አልሠራለትም፣ ሞተ፣ ጠፋ ወይም ውጤቱ አልታወቀም ተብሎ ይሞላል። «ሞተ» የሚለው ሕክምናው ላይ እያለ በማንኛውም ምክንያት ያረፈውን ሁሉ ያጠቃልላል። አክታው ነጻ ሆኖ በአራተኛው ወር ያረፈው የወግዲው አባወራ የሚገባው እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከቲቢ ሟቾች ጋር።